የበርበሬው ቃለ ጉባኤ

ጥቅምት 11 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ቡታጅራ

ከክፍል እንደወጣሁ ሐጂ ሙሀመድሰይድ ደወሉልኝ። የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር ናቸው። እኔ ደግሞ ጸሐፊው ነኝ፤ የአማርኛ መምህር በመሆኔ ብቻ ማንም ሳይወዳደረኝ ከተመረጥኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሀቢቡና ግሩም ስለተጣሉ ደብተርህን ይዘህ ና አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀቢቡ የበርበሬ ነጋዴ ነው። በዚህ ሰሞን ከቆሼ ከተማ በኩል የሚያመጣውን በርበሬ ከቤቱ ፊት ለፊት ሸራ ዘርግቶ ያሰጣል። ከጎኑ የግሩም ፎቶ ቤት አለ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠው ሰው ያስነጥሳል። ግሩም ማስረጃ ነው ብሎ አሥራ አንድ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን። አንዱ ላይ በጣም የተከበሩ የባንክ ሠራተኛ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ወጥቶ ይታያሉ። ሐጂ ፎቶውን አዩና ሳል እንደያዘው ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሀቢቡ በበኩሉ ፀሐይዋ ያለችው እዚያ ነው፤ እኔ ከየት ሌላ ፀሐይ ላምጣ አለ። ግሩም ግን ከሁሉ የከነከነው ሌላ ነገር መሆኑን በመጨረሻ አወጣው።

«እኔ ራሴ በቀን ሃያ ጊዜ አስነጥሳለሁ። ድሮ ይማርህ ይለኝ ነበር። አሁን ዓይን ዓይኔን እያየ ዝም ይላል።»

ሀቢቡ ሃያ ጊዜ ይማርህ ሲል የሚውል ሰው በርበሬውን መቼ ይገለብጣል ብሎ መለሰ። አልታረቁም። ስብሰባው ለእሁድ ተቀጠረ። ሁላችንንም ያሳሰበን የሀቢቡ ልጅ የሩፋይዳ ሰርግ ነው፤ ኅዳር 15 ትዳራለች፣ ፎቶ አንሺው ግሩም ነው። ከመዋዕለ ሕጻናት ጀምሮ ያነሳት እሱ ነው።

በቃለ ጉባኤው ላይ «በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል ቅራኔ ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ባለቤቴ አዛለች ራት ላይ ብዙ አላወራችም። ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ይደክማታል።

ጥቅምት 14

ሀቢቡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ቅራኔ ምን ማለት ነው አለኝ። ተቃራኒ ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ሲሆን ነው አልኩት። አልተዋጠለትም። ለካ ከእኔ በፊት ጋሽ ሽባባውን ጠይቋል። ጋሽ ሽባባው በወጣትነታቸው ካድሬ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ቅራኔ ሁለት ዓይነት ነው፣ የሚታረቅና የማይታረቅ፤ የማይታረቀው አንዱ ወገን ሌላውን ካላጠፋ አያልቅም ብለውታል።

«መምህር፣ እኔ ግሩምን ላጠፋው ነው ወይ?» አለኝ። «ልጄን ፎቶ የሚያነሳት እሱ እኮ ነው።»

እቀይረዋለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ጥቅምት 15

ጋሽ ሽባባውን ሻይ ቤት አግኝቼ ሰው አያስፈራሩ አልኳቸው። ስለ ቅራኔ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ደቡብ አሜሪካ ላይ ሲደርሱ ፈተና አርማለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ቅራኔን ሰርዤ «አለመግባባት» ብዬ ገባሁ። ለስላሳ ቃል ነው፣ ማንንም አይነካም ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ሀቢቡ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው። ቢሮ በሄድኩ ቁጥር አልገባህም፣ አልገባህም ይሉኛል። አሁን ደግሞ ዕድሬ አልገባህም ብሎ ሊጽፍብኝ ነው?»

እኔ አለመግባባት ማለት የሁለቱም ነው ስል ግሩም እኔ ደግሞ በደንብ ነው የገባኝ፣ ያልገባኝ ነገር የለም አለ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተስማሙት በእኔ ላይ ነው። ሐጂ መልካም ጅምር ነው አሉ። እያሾፉ ይሁን አይሁን አልለየሁም።

ጥቅምት 20

ራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአዛለች መልእክት ነው። «ራት ቀርቧል» ይላል። እሷ ጓዳ፣ እኔ ሳሎን ነበርን። ዘመናዊ ነገር ነው፤ ጉሮሮም አይደክምም።

«ቀርቧል» የሚለውን ቃል በትክክል ተጠቅማበታለች። ይህን የምጽፈው በምክንያት ነው። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያው በአዋላጅነት አሥራ አምስት ዓመት ስላገለገለች የምስክር ወረቀት ሲሰጣት መድረክ ላይ ወጥታ «ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬን እለግሳለሁ» አለች። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ «ምስጋና አይለገስም፣ ይቀርባል» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ድባቡ ሞቅ አለ። እሷም ንግግሯን አሳጥራ ወረደች። አጭር ንግግር ጥሩ ነው። የነገርኳት ለእሷው ስል ነበር፣ አለቆቿ ፊት እንዳትሳሳት። እሷም ይህን ታውቃለች። በእርግጥ አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ ግን በባልና ሚስት መካከል ምን ምስጋና ያስፈልጋል።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ዛሬ ያቀረብኩት «መቃቃር» የሚለውን ነው። በልቤ ኮርቼበት ነበር። የተቃወመው ግሩም ነው። መቃቃር የባልና ሚስት ነው አለ። እናቱና አባቱ ሦስት ዓመት ተቃቅረው ኖረዋል፤ አንድ ቤት እያደሩ፣ በአንድ ትሪ እየበሉ፣ ልጆቹን «ለዚያ ሰውዬ ንገሩት» እያሉ ይላላኩ ነበር። አለመጣላታቸው ነው የባሰው አለ፤ ቢጣሉ ኖሮ አንድ ቀን ያልቅ ነበር። ከሀቢቡ ጋር ግን እንዲህ ያለ ነገር የለኝም፤ እኛ በግልጽ ነው የምንሰዳደበው አለ። ሀቢቡም እውነቱን ነው አለ።

የግሩምን ማብራሪያ በደብተሬ ኅዳግ ላይ ያዝኩት። መቃቃር፦ ሳይጣሉ መራራቅ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በመልእክት መነጋገር። ግሩም ፎቶ አንሺ ባይሆን ጥሩ የቋንቋ ሰው ይወጣው ነበር። ለአሥረኛ ክፍል በምሳሌነት እጠቀምበታለሁ።

አዛለች «ውሃ መጥቷል፣ ቅዳ» ብላ ጻፈችልኝ። ቀዳሁ።

ጥቅምት 28

ቸኩያለሁ። ስልሳ ሁለት የፈተና ወረቀት ይጠብቀኛል። የወደቁ ቃላት፦

ቅሬታ። ሀቢቡ፣ እሱ ቢሮ በር ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው አለ።

ኩርፊያ። ግሩም፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነኝ አለ።

ቅያሜ። ማን ማንን ተቀየመ ተባለ፤ አርባ ደቂቃ።

ጠብ። ከድጄ፣ የሀቢቡ ባለቤት፣ በመስኮት ሰምታ፣ ይህን የሙሽራው ወገን ቢያይ ምን ይላል ብላ ገሰጸችን።

አለመጣጣም። ሐጂ ራሳቸው የመኪና ዕቃ ነው የሚመስለው አሉ።

ጭቅጭቅ። እስካሁን አላቀረብኩትም። ፈርቻለሁ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አዛለች ዛሬ ወልቂጤ ሄደች። የአዋላጆች ስልጠና ነው፣ ሦስት ሳምንት። የሰማሁት ትናንት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ነው። ለሦስት ሳምንት ትልቅ ሻንጣ ነው። የክረምት ካፖርቷንም ያዘች፤ ወልቂጤ ከእኛ ይሞቃል፣ ግን አዋላጅ ጥንቁቅ ነው።

መልካም ጉዞ አልኳት። «እሺ» አለች። ሁለት ፊደል። እስከ ባጃጁ ሻንጣዋን ተሸክሜ ነበር፤ ይህንም ልመዝግብ።

ኅዳር 5

ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ስልጠና ላይ ናት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይም ስልጠና አለ ማለት ነው። የጤና ሚኒስቴር እንዲህ ጠንካራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ዛሬ መጥፎ ቀን ነበር።

ስብሰባው ሲጀመር ግሩም ቃሉ ሳይስተካከል ካሜራዬን አላነሳም አለ። ሀቢቡ ተወው፣ ከቡኢ ሌላ ፎቶ አንሺ አመጣለሁ አለ። ግሩም የቡኢው ሰው የሚያነሳው ሰው አንገት የለውም አለ። ሀቢቡ አንገት የሌለው ይሻላል ሲል ሐጂ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ሲመቱ አላየኋቸውም።

ከዚያ በርበሬው የት አለ ብለው ጠየቁ። ሀቢቡ አንገቱን ደፋ። ካነሳው ስድስት ቀን ሆኖታል። በጆንያ ከትቶ ጓሮ አስገብቶታል። ግሩምም ያውቃል፤ ጆንያውን በአንድ በኩል ይዞ አግዞታል።

«እንግዲያው በምን ትጣላላችሁ?» አሉ ሐጂ።

ሁለቱም ወደ እኔ ተመለከቱ።

ሐጂ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ፈቃደ፣ ልጆቹ የበርበሬውን ነገር ጨርሰዋል። አሁን የሚያጣላቸው አንተ ያመጣኸው ስም ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ ተናድጄ ነበር። ቃል ሰው አያጣላም። እኔ ያለውን ነገር በስሙ ጠራሁ እንጂ ምን አደረግሁ? ያልተባለ ነገር አይታረምም። ይህን ለተማሪዎቼ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ። ቤት ገብቼ ለአዛለች ልነግራት ጓዳ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ወልቂጤ መሆኗ ትዝ አለኝ። ድስቱን ከፍቼ ዘጋሁት። ውስጡ ምንም አልነበረም።

ኅዳር 12

ከድጄ ቂጣና ጎመን ይዛልኝ መጣች። ከስተሃል አለችኝ። አዛለች ደህና ናት፣ ትናንትም ደውላልኝ ነበር አለች። በየቀኑ ትደውልላታለች። እኔ ጋ ኔትወርኩ ያስቸግራል ይሆናል፤ ግድግዳዬ ወፍራም ነው።

ከድጄ የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። «መምህር፣ ለሁለቱ ስም መፈለጉን ተወው። ሂድና ግሩምን ብቻ አምጣልኝ። ልጄን የማያውቃት ሰው እንዲያነሳት አልፈልግም።»

ምን ብዬ ላምጣው ስላት ምንም አትበል፣ ና በለው አለችኝ።

ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ሦስት ዐረፍተ ነገር ረስቼ «ሩፋይዳ ትዳራለች፣ ና» አልኩት። ግሩም ወደ ውስጥ ጠቆመኝ። ሦስት ባትሪ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«የሚጠራኝ ሰው እየጠበቅሁ ነው እኮ» አለ።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ሰርጉ ተጠናቀቀ። በዝርዝር ልጻፈው፣ እንዲህ ያለ ቀን ሁልጊዜ አይገኝም።

እንግዳው ከታሰበው በላይ ስለመጣ የዕድሩ ድንኳን አልበቃም። ፀሐዩ በረታ። ሀቢቡ ተጣድፎ ጓሮ ገባና አንድ ሸራ አውጥቶ በሙሽሮቹ በኩል አስወጠረ። የትኛው ሸራ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። እኔም አላስተዋልኩም፤ ሐጂ ዱዓ እያደረጉ ነበር።

ሰባት ሰዓት ገደማ ነፋስ መጣ። ሸራው አንዴ ተነፍቶ ተመለሰ። መጀመሪያ ያስነጠሰው ሙሽራው ነው። ቀጥሎ ሚዜዎቹ በተራ፣ እንደ ተሰለፈ ወታደር። ሐጂ ዱዓቸውን ሁለት ጊዜ አቋርጠው ሦስተኛ ጊዜ አሚን ብለው ቋጩት። ከቆሼ የመጡ አዛውንት ብቻ ቀና ብለው አሸተቱና የእኛ በርበሬ ነው አሉ በኩራት።

ግሩም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካሜራውን ወደ ሩፋይዳ አነጣጥሮ፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን ይዞ ቆሞ ነበር። ፊቱ ቀላ። ፎቶውን አነሳ፤ ከዚያ እኔ በሕይወቴ ሰምቼ የማላውቀውን ማስነጠስ አስነጠሰ። ከወዲያኛው ጫፍ ሀቢቡ፣ ሰሃን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይማርህ» አለው።

ግሩም አፍንጫውን ጠረገ። «ያኑርህ» አለ።

ሀቢቡ ሰሃኑን አምጥቶ ራሱ አጎረሰው።

ፎቶዎቹን ማታ በካሜራው መስኮት አየናቸው። ሩፋይዳ ዓይኖቿ በእንባ ሞልተው፣ አንዲት ዘለላ ጉንጯ መሃል ቆማ ታበራለች። ከድጄ አይታ ረካች። እንዲህ አምሮባት ያለቀሰች ሙሽራ በሰፈራችን የለችም አለች። እውነቱን ማንም አልነገራትም። ታውቃለች መሰለኝ።

የማወራለት ሰው ፈልጌ ነበር።

ኅዳር 18

ቃለ ጉባኤውን ልንዘጋ ተቀመጥን። ምን ልበል አልኩ። ሐጂ የቃሉን ቦታ ባዶ ተወው አሉኝ። «በሁለቱ ጎረቤቶች መካከል» ብዬ፣ ቦታ ትቼ፣ «ነበር፤ አሁን የለም» ብዬ ጨረስኩ። ሰዋስው የለውም። ሁለቱም አንብበው በደስታ ፈረሙ። ሀቢቡ ይኼ ነው ትክክለኛ አማርኛ አለኝ።

ኅዳር 22፣ እሁድ

ስልጠናው ዓርብ አልቋል። አዛለች አልመጣችም። ከድጄን ጠየቅኋት። አልነገረችህም እንዴ አለችኝ። ወደ ወልቂጤ ዝውውር ልትጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅታለች።

ግድግዳዬ ወፍራም አይደለም።

ኅዳር 24፣ ወልቂጤ፣ አዛለች ያረፈችበት የአክስቷ ሰፈር ካለ አልጋ ቤት

ዛሬ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ይዘው ነበር፤ ዶሮዋ መንገዱን በሙሉ አፍጥጣ አየችኝ። የምናገረውን አዘጋጀሁ። በመካከላችን ያለውን ነገር ምን ብዬ ልጥራው? መራራቅ፣ ቅያሜ፣ መቃቃር። አሥራ አንድ ቃል ቆጠርኩ። መናኸሪያ ስደርስ አንዱንም አልመረጥኩም ነበር።

አዛለች ሻይ ቤት አገኘችኝ። ለምን መጣህ አለችኝ። ሸራውን፣ ሙሽራውን፣ የሐጂን ዱዓ ነገርኳት። ሳቀች፤ ለመሳቅ እንዳላሰበች ያስታውቃል። ከዚያ ከቦርሳዋ ደብዳቤውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ። «ለማረፍ» ይላል።

ስህተት አለበት ወይ አለችኝ። የለበትም አልኳት። አልነበረበትም።

«ያን ቀን የማደርገውን ንግግር ሦስት ቀን ነው ያጠናሁት» አለች። «ምስጋናዬን እለግሳለሁ ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ስለ አንተ ነበር።»

ምን ይል እንደነበር አልጠየቅሁም። ሻዬን አየሁ። አስተናጋጁ ሌላ ልጨምር አለኝ፣ እሺ አልኩት፤ ያለውንም አልጠጣሁትም።

በስተመጨረሻ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። ከዚህ በፊት ያልኩት ይመስለኝ ነበር። መለስ ብዬ ይህን ደብተር አገላበጥኩት። የለም።

ደብዳቤውን እስካሁን አላስገባችውም፤ የሚፈርመው የወልቂጤ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እስከዚያ ቡታጅራ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ስብሰባ እንዲረዝም ጸለይኩ።

ኅዳር 27

አዛለች ቡታጅራ ናት። ራት ቀርቧል አለች፤ በአፏ። ያረምኩት ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ምላሴን ነክሻለሁ።

ታኅሣሥ 4

ኃላፊው ከስብሰባ ተመለሰ። ጸሎቴ አሥር ቀን ነው የሠራው።

አዛለች ትናንት ወልቂጤ ሄዳ ደብዳቤዋን አስገባች፤ ዛሬ ይዛው ተመለሰች። ኃላፊው ማረፍ በቂ ምክንያት አይደለም፣ ችግሩን በትክክለኛ ስሙ ግለጪ ብሏታል። ከፊቴ ተቀምጣ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋች።

«አንተ ቃል አታጣም» አለችኝ። «የእኛን ነገር ምን ብዬ ልጻፈው?»

ብዙ ቃል ነበረኝ። የሚመጥኑም ነበሩ፤ አንዱማ በጣም ትክክል ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ጀርባው ላይ ከገበያ የሚገዛውን ጻፈች፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ክብሪት። ነገ አብረን እንሄዳለን። ሽንኩርትን ያለ «ን»፣ «ሽኩርት» ብላ ጽፋዋለች።

ጥሩ ሽንኩርት ይመስላል።